ከሊል እስከ ባዮ፦ በጄኔራል ደጎል ዱካ የስምንት ቀን ጉዞ

ስለ ፈረንሳዩ መሪ ስለ ጄኔራል ሻርል ደጎል ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው ወደ ሥልጣን አመጣጣቸው ነው። ይህ ማስታወሻ ለቀው የወጡባቸውንም በሮች ይከተላል። በጁን 1940 እጅ ሊሰጥ ከተዘጋጀ መንግሥት ተለይተው ከቦርዶ ወጡ። በጃንዩዋሪ 1946 ማንም ሳይገፋቸው የመንግሥት መሪነቱን ተዉት። በኤፕሪል 1969 በሕዝበ ውሳኔ ተሸንፈው በማግስቱ ፕሬዚዳንትነታቸውን አበቁ። አወጣጣቸውን ያልተረዳ ሰው አገዛዛቸውንም ለመረዳት ይቸገራል።

መንገዱ ከሊል ተነስቶ በምሥራቅ በኩል ይዞርና በፓሪስ አልፎ ኖርማንዲ ላይ ያልቃል። የዘመን ቅደም ተከተሉን አይጠብቅም፤ ልጠብቅ ያለ ሰው አንዱን አውራ ጎዳና ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከአራስ እስከ ኮሎምቤ ያለው ክፍል ያለ መኪና አያዋጣም። መኪናውን ሊል ተከራይቶ ፓሪስ ማስረከብ ይቻላል፤ በሌላ ከተማ ማስረከብ ግን ተጨማሪ ስለሚያስከፍል ዋጋውን ውሉ ሳይፈረም ጠይቁ። በገጠር ብዙዎቹ ነዳጅ ማደያዎች ሠራተኛ የላቸውም፤ የሚሠሩት የሚስጥር ቁጥር ባለው የባንክ ካርድ ብቻ ነው። ማሽኑ ነዳጁን ከመልቀቁ በፊት ጠቀም ያለ ገንዘብ በመያዣነት ስለሚያግድ፣ ሒሳቡ የሳሳ ካርድ ጥቂት ሊትር እንኳ አያስቀዳም። የገጠር ምግብ ቤቶች ምሳ የሚያቀርቡት ከ12 እስከ 2 ሰዓት በፈረንሳይ ሰዓት ነው፤ ከዚያ ዘግይቶ የደረሰ ከዳቦ ቤት የሚገኘውን ይዞ ይቀጥላል።

አንደኛ ቀን፦ ሊል

ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያርፈው በእሳቸው ስም በተሰየመው የፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ማረፊያው ውስጥ ቴጄቬ የሚባለው ፈጣን ባቡር ጣቢያ አለ፤ ወደ ሊል በቀጥታ የሚሄደውን የያዘ መንገደኛ ፓሪስ ከተማ ሳይገባ በአንድ ሰዓት ገደማ ይደርሳል። ቲኬቱ አስቀድሞ ሲገዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን በረራው ቢዘገይ ርካሹ ቲኬት ለሚቀጥለው ባቡር ላያገለግል ይችላል። በማረፍና በባቡሩ መነሻ መካከል ሦስት ሰዓት መተው ይሻላል።

ደጎል የተወለዱት ኖቬምበር 22 ቀን 1890 በአሮጌው ሊል፣ ፕሪንሴስ መንገድ ቁጥር 9 ነው። ወላጆቻቸው ይኖሩ የነበረው ፓሪስ ቢሆንም እናታቸው የወለዱት የደጎል አያት ቤት ሄደው ነው። ሕፃኑም የዚያኑ ዕለት በአቅራቢያው በሚገኘው ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ክርስትና ተነሣ። አባታቸው አንሪ በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ፤ ቤተሰቡ ካቶሊክ፣ ልቡ ወደ ንጉሣዊው ሥርዓት ያዘነበለ፣ ሀብቱ መካከለኛ ነበር። ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ሻርል ናቸው።

ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ከብዙ እድሳት በኋላ በ2020 እንደገና ተከፍቷል። የጥምቀት ልብሱንና የሕፃን አልጋውን ብዙ ሰው አይቷቸው ያልፋል። ከነዚህ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ከጀርባ ያለው የአያታቸው ስስ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ ልጁ ያደገበትን የሰሜን ፈረንሳይ ነጋዴና አምራች መደብ በዓይን የሚያሳየው እሱ ነው። ለሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ጉብኝቱን ሰኞና ማክሰኞ ላይ አትመድቡት፤ በፈረንሳይ አብዛኞቹ ሙዚየሞች የሚዘጉት ከነዚህ ቀናት በአንዱ ነው። ከፍላንደር ባቡር ጣቢያ በእግር 25 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ መንገዱም በከተማዋ ዋና አደባባይ ያልፋል፣ እሱም በስማቸው የተጠራ ነው።

ሁለተኛ ቀን፦ አራስ፣ ሞንኮርኔ፣ ራንስ

አራስ ከሊል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ለቡና ቆም ማለት ይበቃል። ደጎል የሴን-ሲርን የጦር ትምህርት ቤት በ1912 ጨርሰው ምክትል መቶ አለቃ ሆነው የመጡት እዚህ ወደነበረው 33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው። አዛዡ ኮሎኔል ፊሊፕ ፔታን ነበሩ። ሌሎች መኮንኖች በሳንጃ ወደ ፊት መወርወርን ሲሰብኩ፣ ፔታን የዘመኑ ተኩስ ወታደርን እንደሚያጭድ ያስተምሩ ነበር። ወጣቱ ደጎል አለቃውን አደነቃቸው። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ ሁለቱ የሚቆሙት ፊት ለፊት ነው።

ከአራስ ወደ ላን፣ ከላን ደግሞ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲኬድ ሞንኮርኔ ይደረሳል። አገሩ ሜዳ ነው፤ ስንዴና ስኳር የሚወጣበት የቀይ ሥር ዓይነት እርሻ፣ በመካከሉ ረግረጋማ ወንዞች። ትንሿን ከተማ ብቻ አይቶ ለሚመለስ የሚታይ ብዙ የለም። ዋናው ነገር መንገዱ ነው፤ ስለዚህ ከላን በሊየስ በኩል የሚያልፈውን ጠባብ መንገድ ያዙና በዝግታ ንዱ።

ሜይ 17 ቀን 1940 ንጋት ላይ ኮሎኔል ደጎል የ4ኛ ብረት ለበስ ክፍለ ጦርን ታንኮች ያስከተሉት በዚህ አቅጣጫ ነው። ክፍለ ጦር ይባል እንጂ በዚያ ቀን ገና እየተሰባሰበ ነበር፤ በእጃቸው የነበረው ሦስት ሻለቃ ታንክ ነው። የጀርመኑ ጄኔራል ጉደሪያን ታንኮች ወደ ባሕሩ እየገሰገሱ ስለነበር፣ ሐሳቡ ከጎናቸው ገብቶ የመንገዶች መጋጠሚያ የሆነችውን ሞንኮርኔን መያዝና ስንቃቸውን መቁረጥ ነበር። ታንኮቹ እስከ ከተማዋ ጠርዝ ደረሱ። ከሰዓት በኋላ ግን ሽቱካ የሚባሉት የጀርመን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወረዱባቸው፤ ማምሻውን ወደ መነሻቸው ተመለሱ።

ለምን ከሸፈ? ምክንያቶቹን እየቆጠሩ መንገዱን ማየት ይጠቅማል። ከላይ የሚሸፍን የራስ አየር ኃይል አልነበረም፤ አውሮፕላን የሚመታ መድፍም አልነበረም። እግረኛው ጥቂት ስለነበረ ታንኮቹ የያዙትን ቦታ ተረክቦ የሚጠብቅ ጠፋ። ሬዲዮ የሌላቸው ታንኮች ብዙ ነበሩ፤ አዛዡ ትእዛዝ ለመለወጥ ቢፈልግ የሚሰማው አያገኝም። ቤ1 ቢስ የሚባለው ከ30 ቶን በላይ የሚመዝን ታንክ ጋሻው ጠንካራ ነበር፣ ሆዱ ላይ ባለ 75 ሚሊ ሜትር መድፍም ነበረው፤ ግን ነዳጅ ይጨርሳል፣ በረግረጉም ይያዛል። በማማው ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ሰው፣ እሱም አዛዡ ነው፤ 47 ሚሊ ሜትሩን መድፍ ራሱ ያጎርሳል፣ ራሱ ያነጣጥራል፣ ራሱ ይተኩሳል፣ በዚያው መካከል ሌሎችን ይመራል። ኤር 35 የተባለው ትንሹ ታንክ ደግሞ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ፣ አጭር መድፍ ያለው ነበር። ጀርመኖች ታንኩን፣ እግረኛውን፣ ሬዲዮውንና አውሮፕላኑን አንድ ላይ አቀናጅተው ሲመጡ፣ ፈረንሳይ ለየብቻ የቀሩ ጥሩ ብረቶች ነበሯት።

ደጎል ይህንኑ አስቀድመው ጽፈውት ነበር። በ1934 ባሳተሙት መጽሐፍ ራሱን የቻለ፣ በሙያተኛ ወታደር የተሞላ የታንክ ሠራዊት ይቋቋም ብለው ተከራከሩ፤ የጦሩ ሹማምንት አልተቀበሏቸውም፣ ፖለቲከኛው ፖል ሬኖ ግን ሐሳቡን ፓርላማ አደረሰላቸው። ሞንኮርኔ እንደ ድል የሚነገርበት ጽሑፍ ብዙ ነው። ድል አልነበረም። የጀርመንን ግስጋሴ አላቆመም። በዚያ ወር ግን ወደ ፊት ካጠቁት ጥቂት የፈረንሳይ አዛዦች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ከአቤቪል ውጊያ በኋላ በጁን መጀመሪያ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ አገኙ፣ በዚያን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሬኖም ወዲያው የመከላከያ ምክትል ሚኒስትር አደረጓቸው። በዚያው ወር ከሎንዶን በሬዲዮ ሲናገሩ የሰማቸው ሰው «ይህ ማነው?» ቢል የሚሰጠው መልስ ያ ብቻ ነበር፦ የሁለት ሳምንት ገደማ ሹመት።

ማታውን ራንስ ማደር ይሻላል፤ ከሞንኮርኔ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ካቴድራሉ የፈረንሳይ ነገሥታት ይቀቡበት የነበረ ነው። ከፊቱ ባለው አደባባይ ወለል ላይ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ የተጻፈ ድንጋይ ፈልጉ፤ ጁላይ 8 ቀን 1962 ደጎልና የምዕራብ ጀርመኑ ቻንስለር ኮንራድ አዴናወር እዚህ አብረው በቅዳሴ መገኘታቸውን ይመሰክራል። ካቴድራሉን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ያቃጠለው የጀርመን መድፍ ነበር፤ ቦታውን የመረጡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ቨርደን

ከራንስ ቨርደን በክፍያ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሀል ላይ ከመንገዱ በስተ ሰሜን የሚቀረው የሻምፓኝ ጦር ሜዳ ደጎል በማርች 1915 ለሁለተኛ ጊዜ የቆሰሉበት ነው፤ የመጀመሪያው ቁስል ኦገስት 15 ቀን 1914 ቤልጂየም ውስጥ ዲናን ድልድይ ላይ የደረሰ ነበር።

ሦስተኛው ዱኦሞን ላይ ነው። ማርች 2 ቀን 1916 ካፒቴን ደጎል ያዘዙት ሻምበል ከባድ መድፍ ከወረደበት በኋላ ተከበበ። ጭናቸውን በሳንጃ ተወግተው ራሳቸውን ስተው ተማረኩ። በፈረንሳይ በኩል ግን ሞተዋል ተባለ፤ በፔታን ፊርማ የወጣው የጀግንነት ምስክር ወረቀትም ስለ ሟች የተጻፈ ነበር። ከዚያ 32 ወር በምርኮ ቆዩ። አምስት ጊዜ ለማምለጥ ሞከሩ፤ አንድ ጊዜ በልብስ ማጠቢያ ቅርጫት ተደብቀው ወጡ። አምስቱም ከሸፉ። ከ1.90 ሜትር በላይ የሆነ ሰው በጠላት አገር መንገድ ላይ ተሰውሮ ለመሄድ ይቸገራል። ለዚህ ሁሉ ሙከራ ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የሙያ ጓደኞቻቸው በሚዋጉበት ጊዜ ታስሮ መቀመጥን እንደ ውርደት ቆጠሩት፤ ለቤተሰባቸው በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ይህ ቁጭት ይነበባል።

ጉብኝቱ ሦስት ቦታዎችን ይዞ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። በመጀመሪያ ከምድር የጠፋው የዱኦሞን መንደር፦ ቤት የለም፣ በሣር የተሸፈነ ጉድጓድና ጉብታ ብቻ፣ መንገዶቹን የሚያመለክቱ ትንንሽ ምልክቶች። ደጎል የተማረኩት እዚህ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው ጎብኚ ግን ሳይቆም ያልፈዋል። ቀጥሎ ምሽጉ፤ በበጋም ቢሆን ውስጡ ይቀዘቅዛል፣ ወለሉም እርጥብ ስለሆነ ወፍራም ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። በመጨረሻ የ130,000 ያልታወቁ ወታደሮች ዐፅም ያረፈበት ሕንፃ፤ በውጭ በኩል ዝቅ ባሉት ትንንሽ መስኮቶች አጥንቱ ይታያል። ሕፃናት ይዞ የሚመጣ ቤተሰብ ይህን አስቀድሞ ይወቅ። ከምልክት ካለው መንገድ ወጥቶ ጫካው ውስጥ መግባት ክልክል ነው፤ ያልፈነዳ ጥይት እስከ ዛሬ አለ።

አራተኛ ቀን፦ ወደ ኮሎምቤ

ከቨርደን በባር-ለ-ዱክ፣ በሴን-ዲዚየና በዧንቪል በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይኬዳል። መንገዱ ቀስ እያለ ይነሣል፤ እርሻው ለጫካ ይለቃል፤ ጠፈሩ ዝቅ ይላል። ኮሎምቤ-ሌ-ዱ-ኤግሊዝ ከመድረሷ በፊት የሚታየው የሎሬን መስቀል ነው፤ 44 ሜትር ያህል ቁመት ያለው፣ ሁለት አግድም ያለው መስቀል። ጁን 18 ቀን 1972 በፕሬዚዳንት ፖምፒዱ ተመርቋል። ይህ መስቀል በ1940 የናዚን ስዋስቲካ ለመቃወም ነጻዪቱ ፈረንሳይ የተባለው የደጎል ንቅናቄ የወሰደው ምልክት ነው።

በመኪና ላልመጣ ሰው ከፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ ወደ ባር-ሱር-ኦብ የሚሄድ ባቡር አለ፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከዚያ መንደሩ 15 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል፣ ታክሲውም ጣቢያው ላይ ቆሞ አይጠብቅም፤ ከዋዜማው ካልተቀጠረ ቀኑ በመጠበቅ ያልቃል። መንደሯ ትንሽ ስለሆነች ማደሪያም አስቀድሞ ይያዝ፤ ኖቬምበር 9 እና ጁን 18 አካባቢ ክፍል አይገኝም።

ይህን ቀን ከሰዓት በኋላ ለመቃብሩ ብቻ ተዉት። ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው፤ መግቢያ ክፍያ የለውም። ነጭ የድንጋይ መስቀልና ስሞች፦ አን፣ ሻርል፣ ኢቮን። ማዕረግ የለም፤ «ፕሬዚዳንት» የለም፤ «ጄኔራል» እንኳ የለም። ይህ በአጋጣሚ አልሆነም። ጃንዩዋሪ 16 ቀን 1952 በጻፉት ኑዛዜ የቀብሩን ሥርዓት አንድ በአንድ ወስነውታል፦ ልጃቸው አን ባረፈችበት መቃብር ይቀበሩ፤ በድንጋዩ ላይ ስምና ዘመን ብቻ ይጻፍ፤ ፕሬዚዳንቶችና ሚኒስትሮች አይምጡ፤ ንግግር አይደረግ፤ ከሞታቸው በኋላ የሚሰጥ ሹመትም ሆነ ኒሻን አይኑር። ሠራዊቱ መገኘት ይችላል፣ ግን ያለ ብዙ ጫጫታ። ሥልጣን ላይ ሳይሆኑ፣ ፓርቲያቸው እየተዳከመ ሳለ የጻፉት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

አን በ1928 ዳውን ሲንድሮም ይዟት ተወለደች፤ በ1948 በሃያ ዓመቷ አረፈች። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ እንደነዚህ ያሉ ልጆችን ተቋም ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ደጎልና ባለቤታቸው አላደረጉትም፤ ወታደራዊ ሹመት በወሰዳቸው ቦታ ሁሉ ይዘዋት ዞሩ። ደረቁ ሰው ተብለው የሚታወቁት ጄኔራል ዘፍነው የሚያስቁት እሷን ነበር። በስሟ ያቋቋሙት ድርጅት የአእምሮ እድገት ውሱንነት ያለባቸውን ሴቶች ለመርዳት ነበር፤ እስከ ዛሬ ይሠራል።

አምስተኛ ቀን፦ ላ ቧስሪ

ቤቱ ላ ቧስሪ ይባላል፤ የተገዛው በ1934 ነው። ምክንያቱ ሁለት ነበር፦ ለአን ጸጥታ ያለው ቦታ ማግኘት፣ እና በፓሪስና በምሥራቁ የጦር ሰፈሮች መካከል መቆሚያ ማበጀት። በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ተጎዳ፤ ቤተሰቡ የተመለሰው በ1946 ነው። ያኔ ነው ባለ ስድስት ጎኑ ግንብ የተጨመረው፤ ከታች የጽሕፈት ክፍላቸው ሆነ። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ በመስኮቶቹ የሚታየው ጫካ ብቻ ነው። የጦርነት ማስታወሻቸውን የጻፉት እዚያ ነው።

የሚጎበኘው ምድር ቤቱ ነው፤ የምግብ ክፍሉ፣ ሳሎኑ፣ ቤተ መጻሕፍቱና ግንቡ። ላይኛው ፎቅ ዝግ ነው፣ ውስጥ ፎቶ ማንሳትም አይፈቀድም። ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ ብዙ ሰው ባንዴ አይገባም፤ ጠዋት በመጀመሪያው ሰዓት መድረስ ይበጃል። ከቤቱና ከመታሰቢያ ማዕከሉ ጋር የሚያገለግለውን የጋራ ቲኬት ግዙ፤ ለየብቻ ከመግዛት ይቀላል። በክረምት ለሳምንታት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ የሚመጣ ሰው ቀኑን ሳያረጋግጥ አይነሳ።

ሴፕቴምበር 14 ቀን 1958 አዴናወር እዚህ አደሩ፤ ደጎል በዚህ ቤት ያስተናገዱት ብቸኛው የውጭ መሪ እሳቸው ናቸው። ቤተ መንግሥት ቢቀበሏቸው ኖሮ ፕሮቶኮል ይሆን ነበር። የጀርመኑን ሽማግሌ የቤተሰብ ማዕድ ላይ ማስቀመጣቸው በ1963 በሁለቱ አገሮች መካከል ለተፈረመው የኤሊዜ ስምምነት መንገድ ጠርጓል። ኖቬምበር 9 ቀን 1970 ማምሻውን ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ የመጫወቻ ካርታ እየደረደሩ ሳለ የደም ሥራቸው ፈንድቶ አረፉ፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ሁለት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ኖቬምበር 12 ቀን የዓለም መሪዎች ፓሪስ ኖትርዳም ተሰበሰቡ፤ አስከሬኑ ግን እዚያ አልነበረም። እዚህ በመንደሩ አናጢ በተሠራ ሣጥን፣ በወታደራዊ ተሽከርካሪ ላይ ሆኖ፣ በመንደሩ ወጣቶች ትከሻ ወደ መቃብሩ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ኮረብታው መታሰቢያ ማዕከል ውጡ። በ2008 የተከፈተ ነው፤ ሦስት ሰዓት ስጡት። በ1953 እና በ1958 መካከል ያለውን ክፍል አትዝለሉት። የመሠረቱት ንቅናቄ ወድቆ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ እዚህ ተቀምጠው ሲጽፉ የቆዩበት ዘመን ነው፤ ፈረንሳዮች «የበረሃው ጉዞ» ይሉታል።

ስድስተኛ ቀን፦ በድሮው ብሔራዊ 19 ወደ ፓሪስ

ፈጣኑ አማራጭ የክፍያ አውራ ጎዳናው ነው። ጊዜ ያለው ግን ብሔራዊ 19 ይባል የነበረውን፣ ዛሬ ዴ 619 የተባለውን መንገድ በትሯ፣ በሮሚዪና በኖዣን በኩል ይውሰድ፤ ጄኔራሉ በየጊዜው ከፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ከኤሊዜ ወደ ቤታቸው የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ሙሉ ቀን መድቡለት።

በሮሚዪና በኖዣን መካከል ፖን-ሱር-ሴን አለች። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1961 ማታ፣ የአልጄሪያን ነጻነት የሚቃወመው ኦአስ የተባለው የምስጢር ድርጅት ሰዎች ከመንገዱ ዳር በአሸዋ ክምር ውስጥ ቦምብ ቀበሩ። ዋናው ፈንጂ እንደታሰበው አልፈነዳም፤ የተቀጣጠለው ከሱ ጋር የነበረው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ነው። ሾፌሩ ፍራንሲስ ማሩ ፍሬን አልያዘም፤ በእሳቱ መካከል ነድቶ አለፈ። ማንም አልተጎዳም።

በዓመቱ ኦገስት 22 ቀን 1962 በፓሪስ ደቡብ ምዕራብ ፕቲ-ክላማር ላይ ደግሞ በመትረየስ ጠበቋቸው። ሾፌሩ ያው ማሩ ነበር። ከ100 በላይ ጥይት ተተኩሶ 14ቱ መኪናውን መታ፤ ሁለት ጎማ ፈነዳ። ምሽቱ ጨላልሞ ስለነበረ ተኳሾቹ ምልክቱን ዘግይተው አዩት። ሲትሮየን ዴኤስ በዘይትና በጋዝ ግፊት የሚቆም አካል ስላለው ጎማው ፈንድቶም ቀጥ ብሎ ተነዳ። ባለቤታቸውና አማቻቸው አብረው ነበሩ፤ ሁሉም ተረፉ። የሴራው መሪ ሌተና ኮሎኔል ባስቲየን-ቲሪ በማርች 1963 በጥይት ተገደለ።

ደጎልን ወደ ሥልጣን የመለሳቸው የሜይ 1958ቱ የአልጀርስ ዓመፅ ነው፤ የዓመፁ ሰዎች አልጄሪያን ፈረንሳይ አድርገው ያቆዩልናል ብለው ጠሯቸው። በጁን 1958 አልጀርስ ላይ «ተረድቻችኋለሁ» አሏቸው። በሴፕቴምበር 1959 የአልጄሪያን ሕዝብ የራሱን ዕድል የመወሰን መብት አወጁ። በኤፕሪል 1961 አራት ጄኔራሎች ዐመፁባቸው፤ በማርች 1962 የአልጄሪያን ጦርነት ያቆመው የኤቪያን ስምምነት ተፈረመ። ከድተውናል ያሉት ሰዎች ቁጣ ሊገባን ይችላል። ነገር ግን ጦርነቱን ሊጨርሰው የሚችል፣ ሠራዊቱም ሊያዳምጠው የሚገደድ ሌላ ሰው ፈረንሳይ ውስጥ አልነበረም።

ሰባተኛ ቀን፦ ፓሪስ

መኪናውን አስረክባችሁ በሜትሮ ሂዱ፤ የፓሪስ መኪና ማቆሚያ ቀኑን ይበላዋል። በ8ኛው መስመር ላ ቱር-ሞቡር ጣቢያ ውረዱና የጦር ሙዚየሙ ወዳለበት ወደ አንቫሊድ ግቡ። የጦር ሙዚየሙ አንድ ቲኬት ስለ ደጎል በድምፅና በምስል የተዘጋጀውን ክፍልም፣ የነጻነት ኒሻን ሙዚየሙንም ያስገባል። ማዳመጫ መሣሪያውን መውሰድ አትርሱ፤ ያለ እሱ የደጎል ክፍል ዝም ያለ ፊልም ነው።

በዚያ የምትሰሙት የጁን 1940 ጥሪ የጁን 22ቱ ንግግር ቅጂ ነው። ጁን 18 በቢቢሲ የተነገረው አልተቀረጸም፤ በዚያ ምሽት የሰማውም ሰው ጥቂት ነው። አንድ የማይታወቅ ጄኔራል፣ ሠራዊት ሳይኖረው፣ ማርሻል ፔታን ተኩስ ይቁም ባሉ ማግስት ጦርነቱ አላበቃም አለ። በኦገስት የፔታን መንግሥት ፍርድ ቤት በሌሉበት ሞት ፈረደባቸው። በ1945 ደግሞ ሞት የተፈረደባቸው ፔታን ነበሩ፤ ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የለወጡት ደጎል ናቸው። ደጎል ጥሪውን ባደረጉበት ወር አንድ ሌላ ስደተኛ እንግሊዝን ለቀው ወጡ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጁን 1940 ማብቂያ ከባዝ ስደታቸው ተነስተው በግብፅ በኩል ወደ ሱዳን አቀኑ። አንዱ ሲገባ ሌላው ወጣ።

የነጻነት ኒሻን በኖቬምበር 1940 ብራዛቪል ላይ ተቋቋመ። የተሰጠው ለ1,038 ሰዎች፣ ለ18 የጦር ክፍሎችና ለ5 ከተሞችና መንደሮች ብቻ ነው፤ ከሰዎቹ ስድስቱ ሴቶች ናቸው። ለኢትዮጵያና ለኤርትራ አንባቢ የሚቀርበው የ13ኛው የውጭ ዜጎች ሌጌዎን ታሪክ ነው። ይህ ክፍል ከነጻዪቱ ፈረንሳይ ብርጌድ ጋር በ1941 መጀመሪያ በኤርትራ ተሰልፎ በከረን ውጊያ ተካፈለ፤ በኤፕሪልም ምጽዋ ስትያዝ ነበረበት። አርበኞች ጎጃም ውስጥ በሚዋጉበት ወራት መሆኑ ነው። ጂቡቲ ግን በፔታን ወገን ቆይታ እስከ ዲሴምበር 1942 ለደጎል አልገባችም።

በኦገስት 1966 ደጎል ራሳቸው በዚያ መጡ። በጂቡቲ ነጻነት የሚጠይቅ ሰልፍና ግጭት ገጠማቸው፤ ከኦገስት 27 እስከ 29 አዲስ አበባ ላይ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንግዳ ሆኑ፤ ከዚያ ወደ ፕኖም ፔን ሄደው የአሜሪካን የቬትናም ጦርነት የተቹበትን ንግግር አደረጉ። የባቡሩ መጨረሻ የጂቡቲ ወደብ ስለነበረ አዲስ አበባ ጉዳዩን በቅርብ ትከታተል ነበር። በማርች 1967 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ግዛቲቱ ከፈረንሳይ ጋር እንድትቆይ ተወሰነ፤ ነጻ የወጣችው በ1977 ነው።

ከሰዓት በኋላ በቴ2 ትራም ወደ ሱሬን፣ ወደ ሞን-ቫሌሪየን ሂዱ። ጀርመኖች ከ1,000 በላይ ታጋቾችንና አርበኞችን የረሸኑበት ኮረብታ ነው። መረሸኛ ሜዳውን ማየት የሚቻለው በተወሰኑ ሰዓታት በአስጎብኚ ነው፤ ሰዓቱን ሳያውቅ የሚመጣ ሰው የፊቱን ግንብ ብቻ አይቶ ይመለሳል። ጁን 18 ርዕሰ ብሔሩ የሚገኙበት ሥነ ሥርዓት ስላለ ለጎብኚ አይመችም። በምድር ቤቱ ውስጥ የመጨረሻው የነጻነት ኒሻን ባለቤት እስኪሞት ድረስ ባዶ የቆየ መቃብር ነበር፤ በኖቬምበር 2021 ዩቤር ዠርማን አርፈውበታል።

ስምንተኛ ቀን፦ ባዮ

ከፓሪስ ሴን-ላዛር ጣቢያ ባዮ ድረስ ሁለት ሰዓት ከሩብ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። በጠዋት ተነሱ። ኩርሰል የባሕር ዳርቻ ከባዮ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ታክሲ ወይም የኪራይ ብስክሌት ያስፈልጋል፤ ብስክሌት ለመረጠ ሰው መንገዱ ሜዳ ነው፣ የባሕሩ ነፋስ ግን ያደክማል። ደጎል ጁን 14 ቀን 1944 ላ ኮምባታንት ከተባለችው መርከብ ወርደው መሬት የረገጡት እዚህ ነው፤ ቦታውን ትልቅ የሎሬን መስቀል ያመለክታል።

የዚያ ቀን ሥራቸው የሰዓታት ነበር፤ ውጤቱ ግን ከብዙ ውጊያ ይበልጣል። አሜሪካኖች ነጻ በወጣው መሬት ወታደራዊ አስተዳደር ሊያቆሙ አስበው፣ የገንዘብ ኖት ሳይቀር አሳትመው ነበር። ደጎል ባዮ ገብተው በአደባባዩ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ፍራንሷ ኩሌን የመንግሥት ኮሚሽነር አድርገው ትተው ማታውኑ ወደ መርከባቸው ተመለሱ። ሕዝቡ ለኮሚሽነሩ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ የውጭ አስተዳደር የሚቆምበት ባዶ ወንበር አልነበረም። በኦገስት 25 ፓሪስ ላይ ሪፐብሊኩን ያውጁ ሲባሉ እምቢ ያሉትም በዚሁ ሐሳብ ነው፦ ሪፐብሊኩ ተቋርጦ አያውቅም፣ ስለዚህ እንደ አዲስ አይታወጅም።

ወደ ባዮ ተመልሳችሁ በስማቸው የተጠራውን አደባባይ ፈልጉ። ጁን 16 ቀን 1946 ሁለተኛውን ንግግር ያደረጉት በዚህች ከተማ ነው። ከአምስት ወር በፊት ሥልጣን ለቀዋል፤ ምክንያታቸው ፓርቲዎቹ እንደ ድሮው ፓርላማው መንግሥትን እንደ ልቡ የሚያነሳበትና የሚጥልበትን ሥርዓት እየመለሱ መሆኑ ነበር። በባዮ ያቀረቡት ሐሳብ ርዕሰ ብሔሩ ከፓርቲዎች በላይ ሆኖ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን እየሾመ፣ አስፈላጊ ሲሆን ፓርላማውን እየበተነ፣ የአገሪቱን ህልውና የሚጠብቅበት ነው። ፈረንሳይ አልሰማቻቸውም፤ በኦክቶበር 1946 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ተቃራኒው ነበር። በዚያ ሥርዓት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከሃያ በላይ መንግሥት ተፈራረቀ። በ1958 የወጣው የአምስተኛው ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት የባዮን ንግግር መሠረት አደረገ፤ በኦክቶበር 1962 ደግሞ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ እንዲመርጥ በሕዝበ ውሳኔ ተጨመረበት።

የ1969ኙ አወጣጥም ከዚህ የመጣ ነው። ሕገ መንግሥቱ አላስገደዳቸውም፤ ለመቆየት ሦስት ዓመት ተኩል ነበራቸው። የተጠየቀው ስለ ክልሎችና ስለ ሴኔቱ ነበር፤ ኤፕሪል 27 ቀን ከመራጩ 52.4 በመቶው እምቢ አለ። የያዝሁት ሥልጣን በቀጥታ ከሕዝብ ነው ያለ ሰው የሕዝብን እምቢታ ሰምቶ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም ብለው አመኑ። ኤፕሪል 28 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጥቂት እንዳለፈ የወጣው መግለጫ የሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፦ የሪፐብሊኩን ፕሬዚዳንትነት ማከናወን አቆማለሁ፤ ውሳኔው ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ይጸናል። በዚያን ሰዓት ኮሎምቤ ነበሩ፤ ከሕዝበ ውሳኔው በፊት ኤሊዜን ለቀው ሄደው ነበር፣ ተመልሰውም አልገቡበትም።

ወደ ፓሪስ የሚመለሱት የምሽት ባቡሮች ጥቂት ናቸው፤ በእሁድ ደግሞ ቶሎ ይሞላሉ። የመልስ ቲኬቱን ጠዋት ከሴን-ላዛር ሳትነሱ ግዙ።